አሰራሩን ላኪልኝ፦ ስለ ድስት፣ ስለ አማና እና ስለ ጎረቤት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ዛሬ የምናወራው ስለ ማድ ቤት ነው። «ኡስታዝ፣ በጁሙዓ ቀን ደግሞ ስለ ወጥ?» የምትሉ አትጠፉም። አዎ፣ ስለ ወጥ። ዲናችን መስጂድ በር ላይ ጫማችንን ስናጠልቅ የምንተወው ነገር አይደለም። አብሮን ቤት ይገባል፣ ድስቱ አጠገብ ይቆማል፣ ስልካችን ውስጥም ይገባል።

ነገሩ የተነሳው ከአንዲት እህታችን ጥያቄ ነው። ማንነቷ እንዳይታወቅ አሳጥሬ በራሴ አነጋገር አቀርበዋለሁ።

እናቷ ወደ አኺራ ከሄዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። በረመዷን የሚሠሩት የአጃ ሾርባ በሰፈሩ የታወቀ ነበር። እህታችንና ጓደኞቿ ደግሞ የምግብ አሰራር የሚለዋወጡበት የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። አንዷ ሳምቡሳዋ ለምን ዘይት እንደሚጠጣ ትጠይቃለች፤ ሌላዋ ሳዑዲ እያለች የተማረችውን የከብሳ አሰራር በድምፅ ትልካለች፤ ሌላዋ ፎቶ ትለጥፋለች። ታዲያ አንዷ የቅርብ ጓደኛዋ «የእናትሽን ሾርባ አሰራር ላኪልኝ፤ አማቶቼ ለኢፍጣር ይመጣሉ» አለቻት። እህታችንም ጻፈችላት። አጃውን፣ ሥጋውን፣ ቲማቲሙን፣ ድንብላሉን፣ የውሃውን ልክ ሁሉ ጻፈችላት። ኮረሪማውን ግን አውቃ ተወችው። በማግስቱ ጓደኛዋ «እንዳልሽኝ አደረግኩ፤ ግን የእናትሽ አልሆነም። እኔ እጅ የለኝም መሰለኝ» ብላ መለሰችላት።

የእህታችን ጥያቄ ይህ ነው፦ «ወንጀል አለብኝ ወይ? ያ ሾርባ ከእናቴ የቀረኝ ነገር ነው። ለሁሉም ከሰጠሁት ለኔ ምን ይቀረኛል?»

እዚህ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ። አንዱ የሑክም ጥያቄ ነው፤ ሌላው የልብ ጥያቄ ነው። ሁለቱንም በየተራ እንያቸው።

መስጠት ግዴታ ነው ወይ?

ሱረቱል ማዑንን ሁላችንም በቃላችን እናውቃታለን። አጭር ስለሆነች በሶላት ውስጥ እንደጋግማታለን። መጨረሻዋ ላይ አላህ (ሱ.ወ) «ማዑን»ን የሚከለክሉ ሰዎችን ይወቅሳል። ማዑን ምንድነው? ታላቁ ሰሓባ ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ሰዎች እርስ በርስ የሚዋዋሷቸው የቤት ዕቃዎች እንደሆኑ አስረድተዋል፦ ድስት፣ ባልዲ፣ መጥረቢያና የመሳሰሉት። እስቲ አስቡት፤ ሶላቱን ለታይታ የሚሰግድና ድስት ለጎረቤት ማዋስ የሚከብደው ሰው በአንዲት ሱራ ውስጥ ጎን ለጎን ተጠቅሰዋል።

እንግዲህ ድስት ስታዋሱ አንድ ነገር ይጎድላችኋል። እስኪመለስ ድረስ ያለ ድስት ትቆያላችሁ፤ ሲመለስም ቂጡ አርሮ ሊመጣ ይችላል። አሰራር ስትሰጡ ግን ምንም አይጎድልባችሁም። ሰጥታችሁትም እናንተው ዘንድ ነው።

ይህን ስል ግን አሰራርን መስጠት በማንም ላይ ዋጂብ ነው ማለቴ አይደለም። ሐልዋ ሠርታ በምትሸጥ እህት ወይም ፈጢራ ጋግሮ ቤተሰብ በሚያስተዳድር ወንድም ላይ «አሰራርህን ካልሰጠኸኝ ስስታም ነህ» ማለት ግፍ ነው። እሱ የሰውየው ሪዝቅ ነው። ንግዱን የመጠበቅ መብት አለው። ለንግድ ያልሆነም ቢሆን «ይቺን ለቤቴ ማቆየት እፈልጋለሁ፤ አትቀየሚኝ» ማለት ይቻላል። ጠያቂም አደብ ይኑረው። አንዴ ጠይቆ እምቢ ከተባለ ይተው፤ በግሩፑ ፊት አያሳፍር።

ስለዚህ እህቴ፣ ባትሰጪ ኖሮ ማንም ወንጀለኛ ነሽ አይልሽም ነበር። ችግሩ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ዝም ማለትና ማታለል

ሙስሊም በዘገቡት የአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ሐዲስ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አዩ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲከቱት ጣታቸውን እርጥበት ነካው። ሻጩን ምን እንደሆነ ጠየቁት። ዝናብ እንዳገኘው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ከዚያም የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ።

ይህን ሐዲስ ደጋግመን እንሰማዋለን፤ አንድ ነገር ግን ልብ አንልም። ሻጩ በአፉ ምንም ውሸት አልተናገረም። «እህሌ ደረቅ ነው» ብሎ አልማለም። ከላይ ያለው እህል እውነትም ደረቅ ነበር። ጥፋቱ ደረቁ እርጥቡን እንዲሸፍን መተዉ ነው።

እህታችን የጻፈችውም እያንዳንዱ መስመር እውነት ነበር። አጃው እውነት ነው፤ ሥጋው እውነት ነው፤ ድንብላሉ እውነት ነው። ውሸቱ ያለው «ይኸውልሽ አሰራሩ» በሚለው ውስጥ ነው። ጓደኛዋ የተቀበለችው እንደ ሙሉ ነው፤ የተላከላት ግን ጎደሎ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምክር የሚጠየቅ ሰው አማና የተጣለበት እንደሆነ አስተምረዋል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። «ላኪልኝ» ብላ የጠየቀችሽ ሰው እኮ ምክር እየጠየቀችሽ ነው። ገንዘቧን፣ ሰዓቷንና በአማቶቿ ፊት ያላትን ክብር በቃልሽ ላይ ጥላዋለች።

በኛ አገር «ሙያ በልብ ነው» ይባላል። ተረቱ ሰው በችሎታው እንዳይኩራራ ከሆነ የተነገረው፣ ያማረ ነው። ሌላው ሰው በሙያው እንዲያፍር አድርጎ ለመደበቅ ከሆነ ግን፣ የሙስሊም ልብ ለዚህ ቦታ ሊኖረው አይገባም።

ጉዳቱን ደግሞ አትናቁት። «አንዲት ቅመም ናት» ትሉ ይሆናል። ግን የዚያች ጓደኛ መልስ ምን ነበር? «እጅ የለኝም መሰለኝ።» በኛ ባህል ሴት ልጅ እጅ የላትም ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በአማቶቿ ፊት ቀለለች፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጥፋቱን በራሷ ላይ አደረገችው። አላህ የሰጣትን እጅ ጠረጠረች።

አንዳንዴ ደግሞ ጉዳቱ ከዚህ ይብሳል። የተደበቀው ነገር ለውዝ ቢሆንስ? ለውዝ የማይስማማው ሰው በአንዲት ማንኪያ ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። ለዚህ ነው አሰራር ስንልክ ሙሉውን የምንልከው፤ ካልሆነም «አንድ ነገር አስቀርቻለሁ፤ የቤታችን ነው» ብለን በግልጽ የምንናገረው። ይህ ሲሆን ሐቅሽንም ጠበቅሽ፣ ሰውም አላታለልሽ።

ታዲያ ምን ታድርግ? ይህ በአንቺና በአላህ መካከል ብቻ ያለ ጉዳይ አይደለም፤ የሰው ሐቅ አለበት። ኢስቲግፋር ማድረግ አለ፤ ከዚያ ደግሞ የተበላሸውን ማስተካከል አለ። ለጓደኛሽ ደውዪላት። «ያኔ ያልጻፍኩልሽ ነገር አለ፤ ኮረሪማ ነው። አውቄ ነው የተውኩት፤ አውፍ በይኝ። እጅሽ ደህና ነው፤ የጎደለው ከኔ ነበር» በያት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከባድ ሁለት ደቂቃ መሆኑን ግን አውቃለሁ። በቂያማ ቀን በመልካም ሥራ ከመክፈል ግን ዛሬ በቃል መክፈል ይቀላል።

«ለኔ ምን ይቀረኛል?»

አሁን ወደ ልብ ጥያቄው እንምጣ። እውነቱን ለመናገር የእህታችን ችግር ምቀኝነት አይመስለኝም። ሐዘን ነው። እናቷ ሄደዋል፤ ድምፃቸው ቀረ፣ ሽታቸው ቀረ። በረመዷን ማታ ያቺ ሾርባ ስትፈላ ብቻ ቤቱ እንደ ድሮው ይሸታል። ያን ሽታ ለሌላ ቤት መስጠት እናትን ሁለት ጊዜ የመቅበር ያህል ሆኖባት ይሆናል።

እህቴ፣ ከአንቺ በፊት ካዘኑት ሁሉ በላይ ብዙ ያጣችን አንዲት እናት ላስታውስሽ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአላህን መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ያጣችው ገና በወጣትነቷ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ከቤተሰቧ ሰው ሲሞት ሴቶች ይሰበሰባሉ። ለቅሶኛው ተበትኖ የቤት ሰውና የቅርብ ሰው ብቻ ሲቀር ዓኢሻ በድስት ተልቢና እንዲሠራ ታዛለች። ከዚያ ሰሪድ፣ ማለትም በመረቅ የራሰ ፍርፍር ዳቦ ይዘጋጃል፤ ተልቢናውም በላዩ ይፈስሳል። «ብሉ» ትላለች። ተልቢና የታመመን ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘንም ከፊሉን እንደሚያስወግድ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስማቷን ትነግራቸዋለች።

ተልቢና ምንድነው? ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን የሚጠጣ ነገር ነው፤ አንዳንዶች ማር ይጨምሩበታል። ስሙም «ለበን» ከሚለው የወተት ስም የመጣ ነው፤ ነጭና ቀጭን ስለሆነ። ለአራስና ለታመመ ሰው አጥሚት ስታፈሉ ያደጋችሁ ሁሉ ነገሩ አይጠፋችሁም።

እስቲ ዓኢሻ ያደረገችውን አስተውሉ። ከምትወደው ሰው የሰማችው ነገር ነበራት። «ይህ የኔና የባሌ ትዝታ ነው» ብላ አልቆለፈችበትም። ድስት ጥዳ፣ ሴቶቹን አስቀምጣ፣ አብልታ አስተማረች። የሰጠችው ደግሞ ሙሉ ነበር፦ ምን እንደሚሠራ፣ ከምን ጋር እንደሚበላ፣ ለማን እንደሚሆን፣ ለምን እንደሚሆንና ከማን እንደሰማችው። ከእሷ የእህቷ ልጅ ዑርዋ ሰማ፤ ከእሱ ሌሎች ሰሙ። ይኸው ከ1400 ዓመት በኋላ እናንተ በስልካችሁ እያነበባችሁት ነው። ዓኢሻ ተልቢናዋን በመስጠቷ ምን ጎደለባት? ምንም። ሐዘን ቤት ተልቢና የጠጣ ሁሉ ስሟን ያነሳል።

«ለኔ ምን ይቀረኛል» ላልሽው መልሱ እዚህ ነው፤ የሰጠሽው ይቀርሻል። የተደበቀ አሰራር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የተሰጠ አሰራር ግን አንቺ በማታውቂው ቤት፣ በማታውቂው ረመዷን፣ የማታውቂውን ፆመኛ ያስፈጥራል።

እናትሽንም አስቢያቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መልካም ነገር ያመለከተ ሰው የሠሪውን ያህል ምንዳ እንዳለው ተናግረዋል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ሙስሊም የሆነ ሰው ከተከለው ተክል ሰው ወይም እንስሳ ወይም ወፍ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለትም አስተምረዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የእናትሽ ሾርባ በሰው ቤት ፆመኛ ቢያስፈጥር፣ ሐዘንተኛ ቢያጽናና፣ ጎረቤት ቢያጠግብ፣ አላህ ከሰፊው እዝነቱ ምንዳውን ለእርሳቸው እንደሚያደርስ ተስፋ እናደርጋለን። አሰራሩን ስትልኪ ከላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ይህ የእናቴ ነው። ስትሠሩት ዱዓ አድርጉላቸው።» ዛሬ አንድ ሰው ዱዓ የሚያደርግላቸው ከሆነ፣ ነገ አሥር ይሆናል።

ተቀባዩስ?

ሰጪውን ስንመክር ተቀባዩን ዝም ማለት ፍትሕ አይሆንም። ሰዎች አሰራር መደበቅ የሚጀምሩት አንዳንዴ ከኛ ጥፋት የተነሳ ነው። ሰው የላከልንን የራሳችን አስመስለን እንለጥፋለን። ከምግብ ቤት አዝዘን በራሳችን ሳህን ላይ ገልብጠን «ዛሬ የሠራሁት» እንላለን። «ማሻአላህ፣ ባለሙያ» ስንባል ደስ ይለናል።

አስማእ (ረ.ዐ) ባስተላለፈችው ሐዲስ፣ አንዲት ሴት ባሏ ያልሰጣትን እንደሰጣት አስመስላ ለጣውንቷ ብታሳይ ወንጀል እንዳለው ጠየቀች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያልተሰጠውን እንደተሰጠ አድርጎ የሚታይን ሰው ሁለት የሐሰት ልብስ በለበሰ ሰው መሰሉት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የልብስ ምሳሌነቱ ይገርማል። ልብስ የሚለበሰው ለመታየት ነው፤ የሐሰት ልብስ የለበሰ ሰው ግን ከውስጥ ራቁቱን መሆኑን ራሱ ያውቃል።

መድረሳ ውስጥ ስንቀራ ኪታቡ ከየትኛው ሸይኽ እንደተወሰደ ሳይነገር ትምህርት አይጀመርም። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ደግሞ ምንጩ ያልተጠቀሰ ጽሑፍ ውጤት ያስቀንሳል። ይህ ኡማ ዲኑን የጠበቀው «ከማን ሰማህ?» በሚል ጥያቄ ነው። ታዲያ «ይህን ሳምቡሳ ያስተማረችኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት» ማለት ምን ይከብዳል? አንድ መስመር ናት። ለባለቤቷ ክብር፣ ለናንተ እውነት፣ ለሚቀጥለው ሰው ደግሞ በነፃነት መስጠት ይሆናል።

ሌላ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ከየአገሩ የሚመጣን አሰራር ሳታዩ አታስተላልፉ። በተለይ በአውሮፓና በአሜሪካ ያላችሁ፣ ወይን የሚጨመርበት ወጥ፣ አልኮል ያለበት የቫኒላ ጭማቂ፣ ከአሳማ የተሠራ ጀላቲን በየመደብሩ አለ። ከዓሣ የተሠራ ጀላቲንም፣ ከባሕር ተክል የሚወጣ ማርጊያም ይገኛል። ቀይራችሁ ላኩ፤ የቀየራችሁትንም ንገሩ። ሁለተኛ፣ አሰራርን መድኃኒት አታድርጉ። ስለ ጥቁር አዝሙድ ሰሒሕ ሐዲስ አለ፤ እናምንበታለን። ከዚያ ተነስቶ ለስኳር በሽተኛ «ይህን ጠጥተሽ መርፌሽን ተዪ» ብሎ መላክ ግን በሰው ነፍስ መጫወት ነው። መታከምንም ያዘዙን እኚያው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

በየአሰራሩ ላይ የምትጨመር አንዲት መስመር

ወንድሞቼ፣ «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ካለፋችሁት ተመለሱ። ዓኢሻ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ ቤተሰባቸውን በማገልገል ላይ እንደሚሆኑ ተናግራለች፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። አሁን የማነሳው ሐዲስ ደግሞ የተነገረው ለወንድ ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን (ረ.ዐ) መረቅ በሚሠራበት ጊዜ ውሃውን እንዲያበዛና ጎረቤቶቹን እንዲያስብ አዘዙት። ሙስሊም ዘግበውታል። አያችሁ? ይህ የምግብ አሰራር ነው። «ሥጋ ጨምር» አላሉትም፤ አቡ ዘር ሀብታም አልነበረም። ውሃ ጨምር ነው ያሉት። በየትኛውም አሰራር ውስጥ እንደዚህች መስመር ርካሽ የለም፤ እንደዚህች መስመር የምንዘላትም የለም። የምግብ ሽታ ጎረቤትን አያስቸግር የሚል ሐዲስም በሰፊው ይሰራጫል፤ ሙሐዲሶች ደካማ ብለውታል። የአቡ ዘር ሐዲስ ይበቃናል።

ስልካችን ሩቅ ያለውን አቅርቦልናል፤ አልሐምዱሊላህ። ጂዳ ያለች እህታችን ወሎ ላለች እናቷ ከብሳ ታስተምራለች፤ የሐረርን ሐልዋ ሰው ዋሽንግተን ሆኖ ይሞክረዋል። ግን ዓኢሻ ሁለት ጎረቤት አለኝ፣ ስጦታዬን ለየትኛው ልስጥ ብላ ስትጠይቅ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የመለሱላት በሩ ይበልጥ ለሚቀርባት ነው፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። የሾርባችንን ፎቶ አምስት መቶ ሰው አይቶት፣ በሩ ከበራችን ሦስት እርምጃ የሆነው ሰው ካልቀመሰው፣ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

በግሩፑ ውስጥም አይታችሁ የማታዩት ሰው አለ። ሁልጊዜ የሚያነብ፣ ምንም የማይለጥፍ። ምናልባት በዶርም ውስጥ በተምርና በውሃ የሚያፈጥር ተማሪ ነው። ምናልባት ዘንድሮ ሥራ ያጣ የቤት አባወራ ነው። ምናልባት በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ሃያ ዓይነት ምግብ አቅርባ ራሷ ቆማ የምታፈጥር እህት ናት። ፎቶ ለጠፋችሁ ብዬ ወንጀለኛ አላደርጋችሁም። አላህ የሰጠንን ጸጋ ማውራት አለ። ግን ኒያችሁን ጠይቁት፦ የምለጥፈው ሌላው እንዲሠራው ነው ወይስ እንዲያየኝ? እንዲሠራው ከሆነ ፎቶው ያንስና አሰራሩ ይበዛል፤ ውድ ያልሆነውም ምግብ ቦታ ያገኛል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማባያ ጠይቀው ሆምጣጤ ብቻ እንዳለ ሲነገራቸው ሆምጣጤውን አመስግነው በልተዋል፤ ጃቢር (ረ.ዐ) አስተላልፎታል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። የምስር ሾርባ የሚለጥፍ ሰው ምስር ብቻ ያለውን ሰው ቀና ያደርገዋል።

«ትንሽ ነው፤ ያሳፍራል» አትበሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ለጎረቤቷ የምትሰጠውን፣ የበግ ሰኮና እንኳ ቢሆን፣ እንዳትንቅ ለሙእሚን ሴቶች ተናግረዋል። «ጎረቤቴ ሙስሊም አይደለም» አትበሉም። ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) በቤቱ በግ ሲታረድ ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ሰጣችሁ ወይ እያለ ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር። ክርስቲያን ጎረቤታችሁ በጾም ላይ ከሆኑ ሥጋ ያለበትን ትታችሁ የምስር ሳምቡሳ ላኩላቸው። ጾማቸውን ማሰባችሁን ሲያዩ ከምግቡ ይልቅ እሱ ይጣፍጣቸዋል።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ ልድገም፤ አላህ በሱረቱል አዕራፍ ብሉ፣ ጠጡ፣ አታባክኑ ብሎናል። አዲስ አሰራር በየቀኑ ስለመጣ በየቀኑ መሠራት የለበትም። እህታችንን ከዐስር እስከ መግሪብ ምድጃ ላይ አቁመን ቁርኣኗን ያስዘጋናት ከሆነ፣ ማዕዱ ሞላ እንጂ ረመዷኑ ጎደለ።

ለዚህ ሳምንት

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። አንድ፣ ጎደሎ አድርጋችሁ የላካችሁት አሰራር ካለ ዛሬ አሟልታችሁ ላኩት። ሁለት፣ እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ካሉ አጠገባቸው ቁሙና እጃቸውን እያያችሁ ጻፉ። እነሱ በግራም አይለኩም፤ በእፍኝና በቁንጥር ነው የሚያውቁት። «ስንት ነው?» ስትሉ «በዓይንሽ እዪው» ይሏችኋል። ዛሬ ካላያችሁ ነገ የምታዩት አይኖርም። ሲነግሯችሁም እግረ መንገዳቸውን ስለ ወጣትነታቸው፣ ስለ ችግሩ ዘመን፣ ስለ ጎረቤቶቻቸው ያወጉላችኋል። ከሾርባው ይልቅ እሱን ስሙ። ሦስት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ድስት ስትጥዱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩና የቅርቡን በር አንኳኩ።

ያ አላህ! የምንበላውን ሐላል አድርግልን። የምንሰጠውን ተቀበለን። ከሪያእ፣ ከስስትና ከማታለል ልባችንን አጥራልን። ያበሉን፣ ያጠጡንና ያሳደጉን እናቶቻችንን በሕይወት ያሉትን ዕድሜና ጤና ስጣቸው፤ የሄዱትን ቀብራቸውን አስፋላቸው፣ በጀነት ማዕድ ላይ አገናኘን። የተራበን የምናስብ፣ አማናን የምንጠብቅ ባሮችህ አድርገን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን ማንበብና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛት አትርሱ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።